ሳትጠይቀኝ ያለፍከው

አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤፊ፣ ከነባለቤትህና ከነልጆችህ፤

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕርና በረዶ ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ከማማረር በቀር ሙሉ ጤነኛ ናቸው፤ ዘንድሮም ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ እየረገሙ ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ላይ ይቀመጣሉ። የቅዱሳን አምላክ አንተንም በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ቴሌግራም እያለ ወረቀት በፖስታ መላኬ ሳያስቅህ አይቀርም። ስልኬን አባባ የልጆችህን ፎቶ ለማየት በየቀኑ ይወስዱታል፤ መልእክት ደግሞ በማይሆን ሰዓት ብቅ ማለት ይወዳል። አንተም ስትመልስ በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ፖስታ ሳጥን ላክልኝ።

ላገባ ነው፣ ኤፊዬ። እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አትቸኩል፤ አባባ ገና አልሰሙም። ልጁ ገብስ ነጋዴ ነው፤ ከገበሬው እየሰበሰበ ለፋብሪካ ያቀርባል። ሲስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ሲናደድ ግን ድምፁ የለም። ስሙን ኋላ እነግርሃለሁ። አሁን የምጽፍልህ አንተ ወንድሜም ፋርማሲስትም ስለሆንክ ነው።

ከሁለታችን ባንዳችን ደም ውስጥ ቫይረሱ አለ። ከጅምሩ ተነጋግረናል፤ የተደባበቅነው ነገር የለም። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰዳል። ዓይነቱ በቅርቡ ስለተቀየረ ግን ሐኪሙ፣ የደም ምርመራው እስኪረጋጋ ድረስ ቫይረሱ የሌለበት ሰው በየቀኑ መከላከያ ክኒን ይጀምር ብሎ ወረቀት ጻፈልን። አሰላ ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆመን ማን ሊያየን እንደሚችል ታውቃለህ፤ ስለዚህ ራቅ ወዳለችው ሁሩታ ከተማ ሄድን።

እዚያ ያሉት ፋርማሲስት ወይዘሮ አሰገደች ይባላሉ፤ ትልቅ ሴት ናቸው። ገና ወረፋ ላይ ሳለን የሱ ስልክ ጠራና ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ አወራ። ተራችን ሲደርስ ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ሳይገልጡት ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። እኔን «ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ በለሆሳስ። እሱን ግን እንደቆመ «ሥራህ ምንድነው?» አሉት፣ ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ። «ገብስ ነጋዴ ነኝ።» «እንግዲያማ አዳርህ መንገድ ለመንገድ ነዋ! ስንቷን እንዲህ አድርገሃል? ይቺን የመሰለች የሰው ልጅ ምን በደለችህ?»

ወረቀቱን ከእጃቸው መልሶ ወሰደ። ክኒኑን ሳንወስድ ወጣን፤ እስከ አሰላ ድረስም መስኮት መስኮቱን እያየ መጣ።

አንተ እዚያ ፋርማሲስቶች ሰውን በቆዳው እንዳይመዝኑ ታሰለጥናለህ። አባባ ፎቶህን ለሰፈሩ ሁሉ አሳይተዋል። እስቲ ለእኚህ ሴት ምን ልበላቸው? ያለ ክኒኑ መጋባት አንችልም፤ ደግሞም እንዲህ ተዋርዶ እንዲቀበለው አልፈልግም። ከዚህ ደብዳቤ አንዲት ቃል ለማንም፣ ለአባባም ቢሆን፣ አታውጣ። እንደ ወንድም ብቻ ሳይሆን እንደ ፋርማሲስት አደራ ብዬሃለሁ።

እህትህ ዘመናይ


ኤድመንተን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእኔ ዘሙ፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የእጅ ጽሑፍሽን አይቼ ብቻ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዴት አደግሽ! እግዚአብሔር የጀመርሽውን ይፈጽምልሽ፤ ቤትሽን የሰላም ቤት ያድርገው። አደራሽን በልቤ ቆልፌበታለሁ። ይህ ሙያ ያለ ምስጢር ምንም እንዳይደለ እኔ ነኝ ለሌሎች የምነግራቸው።

የወይዘሮ አሰገደችን ነገር ሳነብ እዚሁ ያለሁበት ፋርማሲ የሆነ መሰለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ጥቁር ተማሪ መጥቶ የኤች አይ ቪ መከላከያ ክኒን እንደሚፈልግ ለባልደረባዬ ነገረው። ልብ በዪ፣ መከላከያ ነው ያለው። ባልደረባዬ ወደ ጥግ ወሰደውና «ከታወቀብህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለው። በዚያው ቀን ነጭ ወጣት መጥቶ ያንኑ ክኒን ጠየቀ፤ አንድም ነገር ሳይባል ይዞ ሄደ። ይህ ሰው ክፉ እንዳይመስልሽ። ለልጆቼ ልደት ኬክ ጋግሮ የሚያመጣ፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲወጣው ያልሰማሁት ሰው ነው። ያደረገውን ስነግረው ፊቱ ቀላ፤ እውነትም አላወቀውም ነበር።

ስልጠናውን የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ታሪክ እሰጣቸዋለሁ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ፣ ሥራ፣ ጥያቄ። ለግማሾቹ የነጭ ፎቶ፣ ለግማሾቹ የጥቁር ፎቶ እለጥፍበታለሁ። ከዚያ «ይህ ሰው ክኒኑን በሥርዓት ይወስዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሳቸው ሲለያይ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ሰውን የበደሉት በጥላቻ አይደለም፤ ጭንቅላታቸው ቀድሟቸው ስለሚፈርድ ነው።

ስለዚህ ሴትዮዋን ሰው በሌለበት አነጋግሪያቸው። አትስደቢያቸው፤ የተሰደበ ሰው አይሰማም። «እኛን ሲያዩ ምን አይተው ነው?» በያቸውና ዝም በዪ፤ ዝምታው ይሠራል። ለሁሉም የማስተምረው አንድ ነገር ነው፦ ከመገመትህ በፊት ጠይቅ።

እጮኛሽን አይዞህ በዪልኝ። ቫይረሱ በደሙ ስላለ ከሰው አያንስም። እሱ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ተቆጣጠሪው፤ አንቺም መከላከያሽን በሰዓቱ ዋጪ።

ወንድምሽ ኤፊ


አሰላ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፤

ልደቱን በሰላም ያድርስህ፤ የልጆችህን ጉንጭ ሳምልኝ። አባባ ለበዓል በግ ገዝተዋል፤ ከሻጩ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክረው አሁን በጉ ወፍራም ነው ቀጭን ነው እያሉ ከጎረቤት ጋር ይከራከራሉ።

ያልከኝን አደረግኩ። ወረፋ በማይበዛበት ቀን ሁለታችንም ሁሩታ ሄድን። ወይዘሮ አሰገደች ገና ሲያዩን ፊታቸውን አጠቆሩ። ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠብቄ «እማማ፣ ያን ቀን እኛን ሲያዩ ምን አይተው ነው?» አልኳቸው። «ምን አያለሁ? ያለውን ነዋ! ስንት ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ስቀመጥ ሰው ጠፍቶኝ ያውቃል?» ብለው ተቆጡ። ዝም አልኩ። ኤፊ፣ እኔ ዝም ስል አስበው! ከንፈሬን ነክሼ ነው የቻልኩት።

ሲጨንቃቸው ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አደረጉና በዚህ ጊዜ አነበቡት። አንድ ጊዜ አንብበው ቀና አሉና እንደገና አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ከመስኮቱ ኋላ ወጡ፤ የራሳቸውን ወንበር ጎትተው አመጡለትና እሳቸው ቆሙ። «ዺፈማ፣ ኢልመ ኮ» አሉት። ይቅር በለኝ ልጄ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛውን ድሮም ያውቁት ነበር፤ ለሱ የተናገሩት ግን ገና አሁን ነው። እሱም የሴትዮዋን እጅ ይዞ ሳቀ፤ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቁ መጣ።

አሁን ሰው ሲገባ መጀመሪያ ወረቀቱን ያነባሉ። ወረፋው ከበሩ ውጭ ሆኗል፤ አንድ አንድ ሰው እየጠሩ በሩን ይዘጋሉ። ሰሞኑን አንዲት ዝዋይ መንገድ ላይ ካለ ቡና ቤት የምትሠራ ልጅ ስትገባ «ምን ልርዳሽ?» ብለው ሲጠይቋት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በፊት ቢሆን ምን ይሏት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ክኒኑ ተጀምሯል፤ አንድም ቀን አልተጓደለም። ይህ ያንተ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንተ ግን በደብዳቤህ አንድ ነገር ሳትጠይቀኝ አልፈሃል። መልሱን ራስህ ጻፍከው። እኔም ላርምህ አልኩና ተውኩት፤ ጠያቂው ወንድሜ ሳይጠይቀኝ አይቀርም ብዬ። ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የሥጋ ዘመዴ ልንገር ብዬ ቆርጫለሁ። እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ዘመናይ


ኤድመንተን፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሙዬ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስልጠና ስል ከረምኩ። ሁላችሁም በጤና እንደምትሆኑ ተስፋዬ ነው፤ እኛን እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አላጎደለብንም።

የወይዘሮ አሰገደችን ወንበር በስልጠናው ላይ ተናገርኩት። ስም አልጠራሁም። ያለቀሱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ ከአገራችን ሲመጣ ኩራት ነው።

ሳልጠይቅሽ ያለፍኩት ገብቶኛል፤ ልክ ነሽ፣ ከሁሉ በፊት ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። እና ልጁ የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ስልኩ ላይ ኦሮምኛ ነው የሚያወራው ብለሽ ነበር። ቤተሰቦቹን አባባ ያውቋቸዋል? ግልጽ አድርገሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኤፊ


አሰላ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤፊ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። እኛ ደህና ነን።

እኔ የጠበቅኩት ጥያቄ ይህ አልነበረም። ቢሆንም ከጠየቅክ ልመልስ። ስሙ ኢብሳ ነው፤ የዲክሲስ ልጅ። አባቱ በሕይወት የሉም። እናቱ በኦሮምኛው የወይዘሮ አጠራር አደ ዋሪቱ ይባላሉ፤ እርሻውን በሰው አሳርሰው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰው ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው ሴት ናቸው። የተዋወቅነው የእህቱን ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲያመጣ ነው። ልጅቷ እጁን አልለቅም ብላ ስታለቅስ እሱም አብሯት ክፍል ገብቶ በዚያች ሚጢጢ ወንበር ላይ እስከ ዕረፍት ሰዓት ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ነበር። እንዴት እንዳሳቀኝ! ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ይልካሉ።

የወይዘሮ አሰገደችን ነገር በአደባባይ ማውራትህ አላስደሰተኝም። ስም አልጠራሁም ብለሃል። እኔ የነገርኩህ ግን ለአንተ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ አታድርገው።

ያችን ጥያቄ አሁንም እጠብቃለሁ።

ዘመናይ


ኤድመንተን፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ዘመናይ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት። እኔ ማንንም የምንቅ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ሥራዬ ምን እንደሆነም ታውቂያለሽ። ኢብሳ ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ግን ዲክሲስ ያሉትን ሰዎች አናውቃቸውም። ነጋዴ ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። በሽታውን ከየት እንዳመጣው ጠይቀሽዋል? የነገረሽን ሁሉ ታምኚዋለሽ? እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ነው።

አትቸኩዪ። አባባ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የሚበጅሽን አያጡትም።

ኤፊ


ዲክሲስ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤፍሬም፤

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ የለም፤ ፈልጌው አጣሁት።

ግንቦት 24 እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከዲክሲስ ሁለት አዛውንት፣ ከእኛ ሰፈር ደግሞ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አባባ እሳቸውን እምቢ ይላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባባ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቁና እንዲህ አሉ፦ «በልጃችሁ ደም ኤች አይ ቪ አለ። የነገረኝ ውጭ አገር ያለው ልጄ ነው፤ በዚህ ሙያ የታወቀ ሰው ነው፤ አይሳሳትም። እኔ ልጄን ለሞት አልድርም።»

ደጋግመህ ደውለህ እንደነገርካቸው ኋላ ሰማሁ። የመጀመሪያውን ስልክ የደወልከው ያንን የፋሲካ ደብዳቤ በጻፍክበት ሰሞን ነው። በልቤ ቆልፌበታለሁ ያልከኝን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤው ነበር መሰለህ!

ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ዲክሲስ ገባ። ገብስ ይሸጡለት የነበሩ ገበሬዎች ለሌላ ነጋዴ ሰጡ። የገዛ አጎቱ ብርጭቆውን ለብቻ አስቀመጠለት። እናቱ «እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁት አንገቱን ደፋ እንጂ አልመለሰም። እኔ ስልክ ደውዬ እውነቱን ላወጣው ነው ስለው «ዝም በዪ» አለኝ። «እኔ ወንድ ነኝ፤ እችለዋለሁ። አንቺ ግን እዚያው ቤት ነው የምትኖሪው።»

በሳምንቱ አደ ዋሪቱ መጡ። ብቻቸውን አይደለም፤ የዲክሲስ ሴቶች፣ የአሰላም ሴቶች፣ ያገቡ ሁሉ፣ ሲንቄያቸውን ይዘው። አንተ እዚህ ተወልደህ ስላደግክ ሲንቄ ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት ያቺ ቀጭን በትር ናት፤ ያቺን የያዙ ሴቶች ደጅህ ከቆሙ ሳትታረቃቸው አልፈሃቸው አትሄድም። መንገዱ ተዘጋ፤ ባጃጆቹም ጋሪዎቹም ቆሙ። አደ ዋሪቱ በራችን ላይ ቆመው «ማህፀኔን ሰድባችኋል» አሉ። «ልጄን ማን መረመረው? ማን አየው?» አባባ ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልጄ ነው የነገረኝ» አሉ። «ልጅህስ ከማን ሰማ?» ሲባሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሴቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ያን ጊዜ አባባ በዓይናቸው ዝም በዪ አሉኝ። እሳቸው ያውቃሉ፣ ኤፊ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃሉ።

ቫይረሱ ያለው በእኔ ደም ውስጥ ነው። ስወለድ ይዤው ነው የመጣሁት። እናቴ፣ አክስትህ አበባ፣ በሳንባ አልሞተችም። አባባ በየወሩ አዲስ አበባ የሚወስዱኝ ለዓይን ሕክምና አልነበረም። ከዚያ መልስ በካራሜላ ቆርቆሮ እያደረጉ የሚሰጡኝን ክኒን አንተም በዓይንህ አይተኸዋል። ያኔ ፋርማሲ ተማሪ ነበርክ፤ ቫይታሚን ነው ቢሉህ አመንክ። የቤታችሁ ልጅ ነበርኩና እንዲህ ያለ ነገር በሐሳብህም አልመጣ። ኢብሳን ግን ሳታየው መረመርከው።

ይህንኑ ነው በሩ ላይ ቆሜ የተናገርኩት። «ቫይረሱ በእኔ ነው። ኢብሳ ንጹሕ ነው፤ መከላከያውን በየቀኑ የሚውጠው ለእኔ ሲል ነው» አልኩ። ወይዘሮ አሰገደች ያን ቀን ወረቀቱ ላይ ያነበቡት ይህንን ነበር።

አባባ አሳድገውኛል፤ አስተምረውኛል፤ በትኩሳት ስቃጠል ራሳቸው ተሸክመውኝ ሮጠዋል። ስለሳቸው ክፉ መጻፍ ይከብደኛል። ግን አንተ ስትደውልላቸው «ተሳስተሃል» ማለት ይችሉ ነበር። የአንተን ስህተት ወሰዱና የቤታቸውን ስም ሸፈኑበት። ያን ቀን አደ ዋሪቱን ይቅርታ ጠየቁ፤ ጊደርም ለመካስ ቃል ገቡ። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

አደ ዋሪቱ ሲንቄያቸውን በግራ እጃቸው አድርገው በቀኛቸው እጄን ያዙኝ። ከዚያ «ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ። በመጡበት መኪና እስከ ዲክሲስ ሲንቄያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መንገዱን እያዩ ሄዱ፤ እኔም ፈራሁ። ከቤት ስንደርስ «ልጄ ከአንቺ ጋር ቢኖር ይሞታል?» ብለው ጠየቁኝ። አይሞትም አልኳቸው፤ እንዴት እንደማይሞትም አስረዳኋቸው። እሺ አሉ። እስኪያምኑኝ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢያንስ ግን ጠየቁኝ።

ዘመናይ


ኤድመንተን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዘመናይ፤

በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሥራ መግባት አልቻልኩም። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያደረግኩት ሁሉ ላንቺ ስል ነው።

ግን ለምን አልነገርሽኝም? አንድ መስመር ብትጽፊልኝ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። አባባም ቢሆኑ ይህን ያህል ዘመን ደብቀውኛል። አክስቴ በምን እንደሞተች እንኳ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተከድቻለሁ።

አባባ ከዚያ ወዲህ እህል አይቀምሱም ይላሉ ጎረቤቶቹ። እየደወሉ ያለቅሳሉ። እንዴት እንደምትኖሪ፣ መድኃኒትሽን ከየት እንደምትወስጂ፣ አርግዘሽ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ጻፊልኝና ልንገራቸው፤ ልባቸው ይረፍ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በጥቅምት ትልቅ ስብሰባ ላይ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ይህን ታሪክ፣ የራሴን ስህተት ጭምር፣ ብናገረው ስንት ፋርማሲስት ይማርበታል! ስምሽን አልጠራም። አገሩንም እለውጠዋለሁ። ፈቃድሽን እጠብቃለሁ።

የሚወድሽ ወንድምሽ ኤፊ


ዲክሲስ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤፍሬም፤

አዲሱን ዓመት ለልጆችህ የጤና ያድርግላቸው።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ተጋባን። ድግሱ ትንሽ ነበር። ገብስ ለሌላ ነጋዴ ከሰጡት ገበሬዎች የመጡም አሉ፣ የቀሩም አሉ፤ አጎቱ ቀርቷል። ወይዘሮ አሰገደች ከሁሩታ መጥተው ከአደ ዋሪቱ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። ከእኛ ቤት ማንም አልመጣም። ሙሽራ ስትወጣ የሚመርቃት አባት ሲፈለግ፣ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ተነሥተው መረቁኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ለምን አልነገርሽኝም ብለሃል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ጠይቀኝ ብዬሃለሁ፤ አንተ የጠየቅከኝ የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ተከድቻለሁም ብለሃል። ያንን ቃል ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የሳቅ ሳይሆን የንዴት ነው። ኢብሳ ያን ሰሞን ሁሉ ባልሠራው ነገር ተሰድቦ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ፣ እኔም ምስጢሬን በአደባባይ ስጮኸው፣ አንተ እዚያ ሆነህ ስለራስህ አዘንክ። እኔ ወንድሜ ብዬ ነበር የጻፍኩልህ። ከዚያ ቤት አንተን ነበር የመረጥኩት።

ለስብሰባው ፈቃዴን አልሰጥህም። አገሩን ብትለውጠው፣ ስሙን ብትለውጠው፣ ራስህን ብትወቅስበት፣ አልሰጥህም። ሰው ሊያስለቅስ ይችላል፤ አውቃለሁ። የራስህን ስህተት መናገር ከፈለግክ መጀመሪያ ለኢብሳ ደውልና ለሱ ተናገር። ስልኩን በፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ለኔ አትደውል።

አባባ ስለ እኔ ሲጠይቁህ በሕይወት አለች፣ ዲክሲስ ናት በላቸው። እህል እንዲበሉም ንገራቸው፤ የሳቸውን ሞት አልፈልግም። ስለ መድኃኒቴ፣ ስለ ደሜ፣ ስለ ሆዴ ከጠየቁህ ግን ያን ጊዜ እባክህ ፋርማሲስት ሁንና ዝም በል።

ዘመናይ